የብርበራ ትእዛዝ የቤቱን በር ይከፍታል፤ ስልኩንስ?

መነሻ

አንዲት የብርበራ ትእዛዝ ከፊታችን አለች እንበል። ግማሽ ገጽ አትሞላም። የምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ የቤቱ ባለቤት ስም፣ ጎንደር ከተማ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ተጽፎባታል። ከዚያ ከወንጀሉ ጋር ግንኙነት ያላቸው ዕቃዎች ቢገኙ እንዲያዙ የምትል አንድ ሐረግ፣ የዳኛው ፊርማና ክብ ማኅተም አለባት። መርማሪው ይህችን ወረቀት ይዞ ማራኪ ሰፈር ከሚገኝ ቤት ገባና ከትራስ አጠገብ ስልክ አነሣ። ስልኩን በኤግዚቢትነት መዝግቦ መያዝ አንድ ነገር ነው። ጣቢያ ወስዶ ባለቤቱን ክፈት ማለት፣ ቴሌግራሙን፣ ፎቶውን፣ የባንክ መልእክቱን፣ ከሐኪሙ ጋር የተጻጻፈውን ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ የቤቱ ትእዛዝ ስልኩ ውስጥ ላለውም ይበቃል ወይ?

የራሴንም ልናገር። አይበቃም ባይ ነኝ። ምክንያቴ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ አነባበብ ነው። አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን አያጣም ይላል። አንቀጽ 26 ቤትን፣ ሰውነትን፣ ንብረትን፣ ደብዳቤን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል፤ ገደብ የሚጣለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው ይላል። ችሎት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ግን ሕግ አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ ነው። ካለ፣ አበቃ። ሕጉ የዘረጋው ሥርዓት ተገቢ ነው ወይ፣ ከልክ አላለፈም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ካልተጠየቀ ሁለቱም አንቀጾች በአንድ ማኅተም ያልቃሉ።

በዚህ ጥያቄ ላይ የተከፈተው የውይይት ክር ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች የተሰጡትን መልሶች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ እዚህ አኑሬያቸዋለሁ።

መልስ 1

ፒያሳ ቢሮ ያለው ጠበቃ በትሕትና ጀመረ፤ ከሕገ መንግሥቱ በፊት ግን የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንብቡ አለ። ቁጥር 33 ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ በስም እንዲጠቅስ ያዛል፤ ከተጠቀሰው ውጭ መያዝም ይከለክላል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ከወንጀሉ ጋር ግንኙነት ያላቸው ዕቃዎች የምትለው ሐረግ ራሷ ጉድለት ናት፤ ስልክ የሚል ቃል ከሌለ መጀመሪያውኑ ስልኩ መነሣት አልነበረበትም።

ቀጥሎ የሰጠው ምክር ታትሞ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚያስፈልግ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ቀኑን፣ የቤት ቁጥሩንና የዕቃውን ዝርዝር ማንበብ። የተያዘው ስልክ በዝርዝሩ ላይ አንድ ሞባይል ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ ማሳሰብ፤ ሞዴሉ፣ ቀለሙ፣ ባለ 15 አኃዙ መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ተገልብጦ፣ ሲም ካርዱ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ስልኩ በታዛቢ ፊት ይጥፋ፤ መጥፋቱም ከሰዓቱ ጋር ይመዝገብ። ቅሬታ ያለው ሰው ዝም ብሎ ከመፈረም ይልቅ ቅሬታውን ከፊርማው ጎን በአንድ መስመር ጽፎ ይፈርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከወራት በኋላ ስልኩ መቼ እንደተከፈተ ክርክር ሲነሣ፣ ከዚያች መስመር ሌላ የሚያዝ ነገር አይኖርም።

መልስ 2

በዐቃቤ ሕግነት የምትሠራ ሴት እርማት አመጣች። ቁጥር 33ን ብቻ አንብቦ ቁጥር 32ን መዝለል አይገባም አለች። ያለ ትእዛዝ መበርበር የሚቻልባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንዱ እጅ ከፍንጅ የሚከታተሉት ሰው ወደ ቤት ሲገባ ወይም ዕቃውን ሲያሸሽ ነው። ሌላው ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ መደበቁ ተጠቁሞ፣ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ዕቃው ሊሸሽ እንደሚችል በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ስልክ ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ሊጠፋ የሚችል ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ታስሮ ሳለ ወንድሙ ሌላ ቤት ተቀምጦ ሁሉንም ሊደመስሰው ይችላል። ስለዚህ መርማሪ ወዲያው ልክፈት ቢል ከክፋት ብቻ የመጣ አድርጋችሁ አትዩት ስትል ጠየቀች።

መልስ 3

ለ2ኛው የተሰጠ ነው፤ አጭርና ጥሩ። ስልኩ እስኪያዝ ድረስ ጥድፊያው ልክ ነው፣ ከተያዘ በኋላ ግን ጥድፊያው አልቋል አለ። ማጥፋት ወይም መረብ የማያስገባ የአሉሚኒየም ከረጢት ውስጥ መክተት ከሩቅ የሚመጣውን የመደምሰሻ ትእዛዝ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዳኛ ዘንድ መሄጃ ጊዜ አለ። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በራይሊ ጉዳይ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የደረሱበት ከዚሁ ነው፤ ሰውን ስትይዙ ኪሱን መፈተሽ ትችላላችሁ፣ ስልኩን ለመክፈት ግን ትእዛዝ አምጡ። በ2018 በካርፔንተር ጉዳይ ደግሞ ፖሊስ የአንድን ሰው የ127 ቀን መገኛ፣ 12,898 ነጥብ፣ ከስልክ ኩባንያ ያለ ብርበራ ትእዛዝ መውሰዱን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ከሕገ መንግሥት ውጭ ብሎታል።

ይኸው ጸሐፊ አንድ ግራ መጋባትም አጠራ። ስልክ ውስጥ ያለ መልእክት ማንበብና በመተላለፍ ላይ ያለ ንግግር መጥለፍ የተለያዩ ናቸው። ጠለፋው የራሱ ሕግ አለው፤ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ነገሩ አስቸኳይ ሆኖ ያለ ትእዛዝ ከተፈቀደም ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ አለበት። አገልግሎት ሰጪው የግንኙነቱን ዱካ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆይ ያስገደደውም ይኸው አዋጅ ነው።

መልስ 4

ከዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። የአሜሪካ ፍርድ ጎንደር ችሎት ላይ አያስቀጣም፣ አያስፈታምም አለ ጸሐፊው። አንቀጽ 26 ራሱ በዝርዝር ሕግ ይገደባል ብሏል፤ የ1954ቱ ሕግ ዝርዝር ሕግ ነው፤ በሕጉ መሠረት ዳኛ ፈርሟል፤ ከዚህ በላይ የሚፈለገው ምንድን ነው? ሲል ጨረሰ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ጥያቄው ሐቀኛ ነው፤ ለቀጣዩ መልስ መንገድ የከፈተውም እሱ ነው።

መልስ 5

በጡረታ ላይ ያሉ ዳኛ ናቸው የመለሱት። ብዙዎቹ የሕግ ትምህርታቸውን ከእርሳቸው ችሎት የተማሩ ይመስል ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው።

ሕግ መኖሩ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 ምዕራፍ ሦስትን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት በየደረጃው ባሉ የዳኝነት አካላትም ላይ ጭኗል፤ ንዑስ አንቀጽ 2 መብቶቹ ከዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫና ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎሙ ይላል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን አገራችን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች። የዚያ ቃል ኪዳን አንቀጽ 17 ግላዊነት ላይ የሚደረግን ሕገ ወጥ ጣልቃ ገብነት ብቻ ሳይሆን የዘፈቀደ ጣልቃ ገብነትንም ይከለክላል። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን የቆሙት ሕጋዊ ሆኖም የዘፈቀደ የሆነ ነገር ስላለ ነው።

ከዚያ ወደ ሕንድ ወሰዱን። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ሕይወትና የግል ነጻነት በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ አይነጠቅም ይላል፤ ከእኛ አንቀጽ 17 ጋር ወንድማማች ነው። የሕንድ አርቃቂዎች ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሚለውን የአሜሪካኖቹን ሰፊ ሐረግ ትተው ይህን ከጃፓን የእ.ኤ.አ. 1946 ሕገ መንግሥት የወሰዱት ዳኞች ብዙ ሥልጣን እንዳያገኙ ሠግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በጎፓላን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ቃሉን እንደ ተጻፈ አነበበው፦ ፓርላማ ሕግ አውጥቷል፣ ሥርዓቱ ተከብሯል፣ በቃ። ኋላ ማኔካ ጋንዲ የምትባል ሴት ፓስፖርቷን ምክንያት ሳይነገራት ተነጠቀች፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1978 አነባበቡን ለወጠ። ሥርዓት ማለት ማንኛውም ሥርዓት አይደለም፤ ትክክለኛ፣ ፍትሐዊና ምክንያታዊ መሆን አለበት አለ። ከሕገ መንግሥቱ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው ዳኛው ነው።

ግላዊነትም በዚያው መንገድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 በካራክ ሲንግ ጉዳይ ፖሊስ በሌሊት ቤት እያንኳኳ የተጠርጣሪን ሰላም መንሣቱን ፍርድ ቤቱ ቢሽርም፣ ግላዊነት የሚባል መብት ግን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ ዳኞች ተሰይመው በአንድ ድምፅ አለ አሉ። ለማንኛውም ገደብ የሚሆን መለኪያም ተበጀ፦ ሕግ ይኑር፣ ዓላማው ተገቢ ይሁን፣ እርምጃው ከዓላማው ጋር ይመጣጠን። ጋሼ ይህን ካሉ በኋላ፣ አባቶቻችን በፍርድ የሄደች በቅሎዬ ሳትቆጨኝ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ሲሉ የሚናገሩት ስለ ሥርዓት ነው አሉ። በቅሎ የምታህል ነገር በፍርድ ብትሄድ የሚያጽናናው፣ ፍርዱ ፍርድ ከሆነ ብቻ ነው።

መልስ 6

አንድ የሕግ መምህር አክብሮ ግን አጥብቆ ተቃወመ። ሕንድን ከእኛ ጋር ማመሳሰል አይቻልም፤ እዚያ የመጨረሻው ተርጓሚ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በእኛ አገር በአንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር ውሳኔ የሚያገኘው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አስቀድሞ የሚያጣራው ጉባኤ 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ 6 የሕግ ባለሙያዎች፣ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት። ምክር ቤቱ የጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የመላኩ ፈንታ ጉዳይ ማሳያ ነው። በሚኒስትር ማዕረግ ያለ ሰው በመጀመሪያ ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዳኝ የሚለው ሕግ ይግባኝ የማለት መብትን ይነሣል የሚለው ጥያቄ ችሎቱ ላይ አላለቀም፤ ወደ ጉባኤው ተልኮ በ2006 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል አለ። ስለዚህ የወረዳ ዳኛ አንቀጽ 26ን ተርጉም ማለት የሌለውን ሥልጣን ውሰድ ማለት ነው አለ መምህሩ።

መልስ 7

የመጀመሪያው ጠበቃ ተመለሰና ይህን ነጥብ በጥሩ ሁኔታ ለየው ባይ ነኝ። መላኩ ፈንታ ጉዳይ ላይ የተከሰሰው ሕጉ ራሱ ነበር። አንቀጽ 84 የሚናገረውም ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው። እዚህ ቁጥር 33ን ሕገ ወጥ ነው ያለ የለም። የተጠየቀው ዕቃ የሚለው ቃል ስልኩን ብቻ ነው ወይስ በውስጡ ያለውን 10 ዓመት የተጠራቀመ ሕይወት ጭምር የሚለው ነው። ይህ የሥነ ሥርዓት ሕግ ትርጉም ነው፤ ሁለት ትርጉም ሲኖረው ለአንቀጽ 26 የሚቀርበውን መምረጥ የማንኛውም ዳኛ ሥራ ነው። ጎንደር ላይ የሚሰየም ዳኛ ለዚህ አዲስ አበባ መጻፍ አያስፈልገውም።

መምህሩ በመልስ 8 ግማሹን ተቀበለ፤ ድንበሩ ግን ቀጭን ነው ብሎ አስጠነቀቀ።

መልስ 9

ቁጣ ያለበት መልስ ነው። ስለ ስልክ ስትከራከሩ ሰውየው የት ነው ያለው? ሲል ጠየቀና ክሩን ወደ እስሩ መለሰው። እውነት አለው።

አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከሂሳቡ የሚወጣው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ከደምቢያ ወይም ከጭልጋ ለሚመጣ የመንገዱ ሰዓት ይቀነሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን አይቀነሱም። ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተያዘ ሰው እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 48 ሰዓቱ ሞልቶበታል። ተረኛ ዳኛ አልነበረም ማለት የተያዘው ሰው ዕዳ አይደለም። ጊዜው ካለፈ አንቀጽ 19(4) አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ይህ መብት ሊጣስ አይችልም ተብሎ ተጽፏል።

አካሄዱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 አለ። አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል፤ በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደተያዘ፣ እንዴት እንደተያዘና ምስክር ካለ ስሙ ይገለጻል። ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ይምላል፤ ያልቻለበትንም ምክንያት ይጽፋል። ፍርድ ቤቱ ሳይዘገይ ያዡን ጠርቶ ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ የማይለቀቅበትን ምክንያትም አስረዳ ይለዋል። ጸሐፊው እንደሚለው አቤቱታው የሚወድቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ያዡ ፖሊስ ተብሎ በጅምላ ይጻፋል፤ መጥሪያው ለማን ይድረስ? የጣቢያው ስምና የኃላፊው ሹመት መጻፍ አለበት። ቃለ መሐላው ይረሳል፤ ሬጅስትራሩም ይመልሰዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መጥሪያው በደረሰ ማግሥት ሰውየው በሌላ ችሎት ለጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ለሚጠይቅበት፣ ይቀርብና አቤቱታው ሕይወት ያጣል። ስለዚህ የተያዘበት ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በምስክር መረጋገጥ አለበት፤ በኋላ የቀረበ ሰው በፊት ያለፈበትን ሕገ ወጥ ሰዓት አያጠፋውምና።

መልስ 10

ስለ ጊዜ ቀጠሮ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን አይናገርም። የድሮው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 በአንድ ጊዜ ከ28 ቀን የማያንስ ቢሰጥም በጠቅላላው ከ4 ወር አይበልጥም የሚል ጣሪያ ነበረው፤ መደበኛው ሕግ ግን የለውም። ይህን ክፍተት መሙላት የሚችለው ዳኛው ብቻ ነው አለ ጸሐፊው፤ አንቀጽ 19(4) ራሱ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቀደው ፍትሕ በሚጠይቀው ልክ መሆኑን ይናገራልና። በየቀጠሮው ሦስት ነገር ይጠየቅ፣ መልሱም መዝገብ ላይ ይስፈር፦ ባለፉት 14 ቀናት ምን ተሠራ? ምን ቀረ? የቀረውስ ሰውየው ውጭ ሆኖ ለምን አይሠራም? ስልኩን መርምረን አልጨረስንም የሚለው መልስ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ስልኩ ፖሊስ እጅ ነው።

መልስ 11

ዋስትናን አነሣና ክሩን አሞቀው። አንቀጽ 19(6) የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት አላቸው፣ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ግን ፍርድ ቤት ሊከለክል ይችላል ይላል። በ1993 በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ትእዛዝ በዋስ ቢፈቱም ወዲያው ተያዙ፤ በዚያው ዓመትም አዋጅ 239 ወጥቶ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትናን ከለከለ። ልዩ ሁኔታ የሚለውን የሚመዝነው ማን ነው? ሕግ አውጪው የወንጀሉን ዓይነት ጠርቶ ሁሉንም ካስቀረ ለዳኛው የሚመዝነው ምን ቀረው? ሲል ጠየቀ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 67 መሠረት ዳኛው ሰውየው ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክርና ማስረጃ ያበላሻል ብሎ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይመዝናል፤ የተከለከለም በ20 ቀን ውስጥ በቁጥር 75 ይግባኝ ይላል። በአዋጅ የተዘጋ በር ግን ይህን ሁሉ ያስቀረዋል።

መልስ 12 እና 13

12ኛው በአንድ መስመር የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ይህ ሁሉ የት ይገባል? ብሎ ወጣ። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ለ6 ወር ታውጆ ለ4 ወር የተራዘመውን ሁላችንም ስለምናውቅ ጥያቄው ከባድ ነው።

ጋሼ ዳኛው በ13ኛው መለሱለት። አንቀጽ 93 ፈጽሞ የማይገደቡ ብሎ የዘረዘራቸው አንቀጾች 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2) ናቸው፤ 17፣ 19 እና 26 ከዚያ ውስጥ የሉም። ይህን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን አሉ። ነገር ግን ሊገደቡ ይችላሉ ማለት ጠፍተዋል ማለት አይደለም፤ እገዳው ችግሩን ለማስወገድ በሚያስፈልገው ልክ ነው። 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ በሕገ መንግሥቱ ተጥሎበታል። ቤተሰቡ የት እንደታሰረ ያጣ ሰው ለቦርዱ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ የጠየቀበትንም ቅጂ ይያዝ።

ከዚያ ወደ ሕንድ ደግመው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ አራት ዳኞች የታሰረ ሰው አካሌ ነጻ ይውጣ ብሎ መጠየቅ አይችልም ሲሉ ካና የሚባሉ አንድ ዳኛ ብቻቸውን ተቃወሙ፤ በዓመቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትነት ለእርሳቸው ሲገባ ለሌላ ተሰጠ። ያ ፍርድ በ2017ቱ የግላዊነት ውሳኔ ተሻረ። የሻሩትን ቃል የጻፉት ዳኛ ቻንድራቹድ ናቸው፤ ከሻሯቸው አራቱ አንዱ አባታቸው ነበሩ።

መልስ 14፣ 15፣ 16

አንድ ሰው ወደ ጥንቱ ወሰደን። በጎንደር ነገሥታት ችሎት ፍትሐ ነገሥት ሲነበብ ኖሯል፤ ከዚያ ጎን ግን ሌባ ሻይ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡ በገመድ ታስሮ እየሮጠ ከገባበት ቤት ሲወድቅ ባለቤቱ ሌባ ይባል ነበር። በአፈርሳታም የአገሩ ሰው በረት ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠራ አይለቀቅም። 15ኛው ይህ ታሪክ ነው፣ ሌላ ክር ክፈትለት ብሎ ቆጣ አለ። 16ኛው ግን ተከላከለው፦ ሌባ ሻይ ያለ ማስረጃ ቤት መግባት ነው፣ አፈርሳታ ያለ ጥፋት መታሰር ነው፤ መንገደኛ በሕግ አምላክ ሲለው ጉልበተኛው ቆሞ ዳኛ ዘንድ አብሮ መሄዱ ደግሞ ነጻነት በዳኛ ፊት ብቻ ይነካል የሚለው እምነት ነው። ከ16ኛው ጋር ነኝ።

መልስ 17

ስለ ፋይዳ መታወቂያ ጠየቀች አንዲት ተማሪ። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል የሚሰጥበት ስለሆነ ፖሊስ በቀላሉ ሊያገኘው ይችላል ወይ ነው ነገሩ። አዋጅ 1284/2015 መታወቂያውን፣ አዋጅ 1321/2016 የግል መረጃን ይገዛል፤ የኋለኛውን የሚቆጣጠረው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰፊ ስለሆነ በራሱ ክር እንዲቀጥል ተስማማን።

መልስ 18

ይህን ለብቻው አንብቡት። እስካሁን ያልጻፈ ሰው መጣና ሁላችንም ያለፍነውን ቃል አሳየን። የአንቀጽ 19(5) የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለ እምነት ቃል ይናገራል። ሁለተኛው ግን በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት አይኖረውም ይላል፤ የእምነት ቃል አላለም፣ ማስረጃ ነው ያለው። አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ ሕጋችን በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘን ነገር የሚያስወጣ ግልጽ ድንጋጌ የለውም እያልን ስናዝን፣ በማስገደድ ለተገኘው ግን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ጽፎታል። የይለፍ ቃሉን በዛቻ ካወጣ ሰው ስልክ የተገለበጠ የቴሌግራም መልእክት በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ነው። ለዚህ የውጭ አገር ፍርድ አያስፈልግም፤ 4ኛውም የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

4ኛው በመልስ 19 ይህን ተቀብያለሁ አለ። ከዚህ ክር ደስ ካሰኙኝ መልሶች አንዱ ነው።

መልስ 20

ዐቃቤ ሕጓ ተመለሰች። በፈቃዱ የከፈተና ተገድዶ የከፈተ እንዴት ይለያሉ? ጣቢያ ውስጥ ሁለቱም ከፈተ ተብለው ነው የሚጻፉት አለች። መፍትሔዋ ለመርማሪም ለታሳሪም ይበጃል፦ ለስልክ የሚቀርብ የብርበራ ማመልከቻ ከቤቱ ይለይ፤ የስልኩ መለያ ቁጥር፣ የሚፈለገው የመልእክት ዓይነት፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ከማን ጋር የተደረገ ግንኙነት እንደሆነ ይዘርዝር። ታሳሪው ዝም የማለት መብቱ ተነግሮት በፈቃዱ ከከፈተ፣ የተነገረበት ሰዓትና የከፈተበት ሰዓት በተለያየ መስመር ይጻፍ፣ ጠበቃው ካለ ይፈርም።

አንድ ነገር ግን አልተስማማችም። የይለፍ ቃል ከአእምሮ የሚወጣ ነው፣ ጣት ግን አካል ነው፤ ቁጥር 34 ደምን ጨምሮ የአካል ምርመራ በሐኪም እንዲደረግ ይፈቅዳል፣ ጣትን ስልክ ላይ ማሳረፍ ከደም መቅዳት አይበልጥም አለች። ጠበቃው መለሰላት፦ ቁጥር 34 የሚፈልገው ሰውነት ላይ ያለን ማስረጃ ነው፤ ጣቱ ስልኩ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ግን ሰውነቱ ላይ የነበረ ነገር አይደለም፣ የተጻፈው ሁሉ ነው፤ ደግሞም ቁጥር 34 ሐኪም ይላል እንጂ መርማሪ አይልም። ጋሼ ዳኛው ጣቱን በኃይል ይዞ መጫን ማስገደድ ካልተባለ ምን ማስገደድ ይባላል ብለው ከጠበቃው ጎን ቆሙ። እርሷ አልተረታችም፤ ክሩም እዚያው ላይ ክፍት ነው።